መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ወረቀቱ ግን «ልክ ነው» ይላል

የአንባቢያን ጥያቄና የመካኒኩ መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቱሪስት ይዤ ከአርባ ምንጭ በኮንሶ በኩል ወደ ጂንካና ቱርሚ እመላለሳለሁ። መኪናዬ ባለ ሁለት ጋቢና ላንድ ክሩዘር 79 ነው፤ ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 1ኤችዜድ። ባለፈው ዓመት ከፊት በ5 ሳንቲሜትር ከፍ የሚያደርግ ሞላ፣ ከኋላ ደግሞ ተጨማሪ ባሌስትራ አስገባሁ። ጎማውን ከ7.50-16 ወደ 285/75-16 ቀየርኩ፤ ፊቱ ላይ የብረት መከላከያና ዊንች አስገጠምኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ መኪናው እንደ ሰከረ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል። ከኩርባ ስወጣ መሪው በራሱ አይመለስም፤ እኔ ነኝ የምመልሰው። ቀጥ ብዬ ስነዳ ደግሞ መሪው ወደ ግራ አዘንብሎ ይቆያል። ይባስ ብሎ ባለፈው ወር ኮንሶን እንዳለፍኩ በ75 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ጉድጓድ መታሁ፤ መሪው ከእጄ ሊያመልጥ እስኪደርስ ተርገፈገፈ። የቆመው ፍጥነቴ ከ40 በታች ሲወርድ ነው። ተሳፋሪዎቼ ጮኹ፤ እኔም ላብ በላብ ሆንኩ። ሁለት ጊዜ አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ልኬትና ማስተካከያ) አሠርቻለሁ፤ ሁለቴም «ልክ ነው» ተባልኩ። የመሪውን አሞርዛተርም፣ ንዝረት የሚይዘውን፣ በአዲስ ቀየርኩ። የመጨረሻውን የማሽን ወረቀት ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ቀጥሎ ምን ልግዛ?
ኤ.፣ ከአርባ ምንጭ

መልስ፦ ምንም አትግዛ ወንድሜ። መጀመሪያ ወረቀቱን አብረን እናንብበው።

አናቱ ላይ፣ የመኪናው ዓይነት በሚጻፍበት መስመር፣ «ፕራዶ» ይላል። ማሽኑን የያዘው ልጅ ከዝርዝሩ ውስጥ 79ን ሲያጣ፣ ወይም ለመፈለግ ሲሰንፍ፣ ቅርብ የመሰለውን መርጧል። የዛሬው ፕራዶ የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚንቀሳቀሱበት መኪና ነው። ያንተን ሁለት ጎማዎች የሚያገናኛቸው አንድ ወጥ አክስል ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለውን አረንጓዴና ቀይ ቀለም እርሳው፤ ቀለሙ የሚናገረው ስለ ሌላ መኪና ነው። ቁጥሮቹ ግን ያንተው ናቸው። ካምበር፣ ማለትም ጎማው ከፊት ስታየው ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ማዘንበሉ፣ ግራ 1.0 ዲግሪ፣ ቀኝ 0.9፤ ደህና ነው። የፊት ጎማዎቹ ከፊት በኩል በ2 ሚሊሜትር ጠበብ ይላሉ፤ ይህም ደህና ነው። ካስተር (ምንነቱን ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ) ግራ 0.4 ዲግሪ፣ ቀኝ 0.7። እዚህ ላይ ቁም። ከዚህ መስመር ቀጥሎ ልጁ በእስክሪብቶ «ኦኬ» ብሎ ፈርሟል።

ዋሽቶህ አይደለም። በዚህ መኪና ላይ አላይመንት ሠሪው በቁልፍ ሊያዞረው የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጎማዎቹን ከፊት መጥበብና መስፋት። እሱን አስተካክሏል። ካምበርና ካስተር ከፋብሪካው ሲወጣ በአክስሉ ብረት ውስጥ የተወሰኑ ናቸው፤ የሚዞር ቡሎን የላቸውም። ስለዚህ «ልክ ነው» ሲልህ «እኔ የምነካው ልክ ነው» ማለቱ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ብትሄድም ያንኑ ይልሃል፤ ገንዘብህንም ይቀበላል።

አሁን ወደ በሽታው። አንተ ሦስት በሽታ በአንድ ስም ጠርተሃል። ሦስቱ አብረው ስለመጡ ዘመዳሞች ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን ለየብቻ ነው።

የመንገዋለሉና የመሪው አለመመለስ ነገር ካስተር ነው። ካስተር ምን እንደሆነ በብስክሌት ላይ ይታያል። የፊት ሹካው ከላይ ወደ ነጂው ጋደል ብሎ ነው የተሠራው፤ እጅህን ብትለቅም ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚረዳው ያ መጋደል ነው። የመኪናህ አንጓዎችም፣ ማለትም ጎማው ወደ ግራና ቀኝ ሲዞር አብረው የሚዞሩት፣ ከላይ ወደ ኋላ ይጋደላሉ፤ በእንዲህ ዓይነቱ አክስል ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ያህል። አሁን ከሥሩ ግባና አክስሉን የያዙትን ሁለት ረጃጅም ክንዶች ተመልከት። የኋላ ጫፋቸው ከሻንሲው፣ ከመኪናው የሥር ብረት፣ ጋር ታስሯል፤ በፊት ጫፋቸው እያንዳንዳቸው በሁለት ጎሚኒ፣ ማለትም በጎማ ትራስ፣ አክስሉን ነክሰው ይዘውታል። ሻንሲውን 5 ሳንቲሜትር ስታነሣው ክንዱ ወደ ፊት ቁልቁል ያዘነብላል፤ አክስሉም አብሮ ይዞርና አናቱ ወደ ፊት ይደፋል። ክንዱ አንድ ሜትር ያህል ቢሆን ስሌቱ ወደ 3 ዲግሪ ይጠጋል። የነበረህ ካስተር የት እንደገባ አሁን ገባህ? ከኋላ የጨመርከው ባሌስትራ ደግሞ የመኪናውን ጀርባ አንሥቶ አፍንጫውን ስለሚደፋው ትንሽ አክሎበታል።

የመሪው ማዘንበልም ከዚያው ከፍታ ነው። ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው አንጓ የሚሻገረው ዘንግ ሻንሲው ሲነሣ ይበልጥ ያዘነብላል፤ ያዘነበለ ዘንግ በስፋት ያጥራል፤ ስለዚህ ጎማው ቀጥ ሲል መሪው ቀጥ አይልም። አደራህን፣ መሪውን ከጥርሱ ነቅለህ ቀጥ አድርገህ እንዳትመልሰው። ይህን የሚያደርጉ ጋራዦች አሉ፤ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ደንበኛውም አመስግኖ ይሄዳል። የመሪ ሳጥኑ ግን ልክ መሐሉ ላይ ሲሆን ነው ጥርሶቹ እርስ በርስ ጠበቅ ብለው የሚገናኙት፤ ከመሐሉ ፈቀቅ ካለ ላላ ይላል። መሪውን ብቻ ነቅለህ ካዞርከው በቀጥታ መንገድ ላይ ዕድሜህን ሁሉ በላላው በኩል ትነዳለህ። የሚስተካከለው ዘንጉ ላይ ባለው ባለ ጥርስ ቱቦ ነው፤ ሁለቱን ማሰሪያዎች አላልተህ ቱቦውን ታዞራለህ፣ ዘንጉ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ይህ ግን የመጨረሻው ሥራ ነው፤ አሁን አትንካው።

አሁን ወደሚያስፈራው እንምጣ። መሪ ተርገፍግፎ ከ40 በታች ካልሆነ አልቆምም ሲል፣ የካስተር ማነስ ብቻውን አያደርገውም። የሆነ ቦታ የላላ ነገር አለ። ጉድጓዱ ቀሰቀሰው እንጂ አልፈጠረውም። አዲሱ አሞርዛተር ደግሞ መንቀጥቀጡን ጥቂት ቀን ያፍነዋል እንጂ የላላውን አያጠብቅም። ይህንን በራሴ ገንዘብ ተምሬዋለሁ። በ1989 ዓ.ም. አንድ የፊት እግሩ ባሌስትራ የሆነ ላንድ ክሩዘር 75 መጣልኝ፤ እንዳንተው በየጉድጓዱ ይርገፈገፍ ነበር። ገና ወጣት ነበርኩና ችኩል። አሞርዛተሩን ቀየርኩ፣ በሳምንቱ ተመለሰ። የመሪ ዘንጎቹን ጫፎች በሙሉ ቀየርኩ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። በሦስተኛው ባለቤቱ ምንም አልተናገረም፤ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ያ ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አንጓውን ፈታሁት። አንጓው የሚዞርበት የታችኛው ኩሽኔታ ቤት ላይ እያንዳንዷ ሮለር የራሷን ጉድጓድ ቆፍራ ተቀምጣለች፤ ጣቴን ሳሳልፍበት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይቆረቁራል። መሪው ቀጥ ሲል ሮለሮቹ ጉድጓዳቸው ውስጥ ይገባሉ፣ ሲዞር ይወጣሉ። የዚያን ጊዜ ልፋቴን ለደንበኛው አላስከፈልኩትም፤ የማስከፍልበት ፊት አልነበረኝም።

አንተ እንዲህ አድርግ። ሁለት ሰው፣ አንድ ክሪክ፣ አንድ የእጅ ባትሪና ግማሽ ቀን ይበቃል። መጀመሪያ የጎማውን አየር ለካ። ቱርሚ አካባቢ ለአሸዋ ብለህ ቀንሰህ አስፋልት ላይ ሳትሞላ የምትወጣ ከሆነ ግማሹ መንገዋለል እሱ ነው። ከዚያ መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ጓደኛህ ጋቢና ገብቶ መሪውን ወደ ግራና ቀኝ በአጭር በአጭሩ ይወዝውዘው። አንተ ከፊት ተንበርክከህ ተመልከት፤ ከመመልከትም በላይ ዳስስ። ጣትህን በየመገጣጠሚያው ላይ፣ ግማሹ በአንዱ ብረት ግማሹ በሌላው ላይ፣ አስቀምጥ። ዓይን የሚያልፈውን አንድ ሚሊሜትር ጣት አያልፈውም። የመሪ ዘንጎቹን ጫፍ ቦል ጆይንቶች፣ የመሪ ሳጥኑን ማሰሪያ ቡሎኖች፣ ሳጥኑ በተቀመጠበት ሻንሲ ላይ ቀለሙ የተሰነጠቀበት ቦታ መኖሩን ሁሉ እይ። በተለይ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያስረውን ዘንግ አትርሳ። መሪው በተወዘወዘ ቁጥር የዚህ ዘንግ ቡሎን በቀዳዳው ውስጥ «ቀጭ ቀጭ» ካለ፣ ጎሚኒው አልቋል ወይም ቀዳዳው ሞላላ ሆኗል። መኪናህ ከፍ ሲል ይህ ዘንግ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ስቦታል፤ ማንሻውን የገጠመልህ ሰው ቡሎኑን ፈቶ መልሶ ካላሰረው በቀር ጎሚኒው ዓመቱን ሙሉ ተጠምዝዞ ነው የኖረው።

ቀጥሎ የፊቱን በክሪክ አንሣና ከሥሩ ማቆሚያ አድርግ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ግፋ፣ ሳብ። ጎማው ከላላ፣ ጓደኛህ ፍሬኑን ረግጦ ይያዝ። ፍሬን ሲያዝ መላላቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ አንጓው የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች ናቸው፤ የኔ የ1989 ጠላቶች። ለማረጋገጥ ሁለቱን አንጓዎች የሚያገናኘውንና ወደ መሪ ሳጥኑ የሚሄደውን ዘንግ ፍታና፣ ገበያ ላይ ቡና የሚመዘንበትን ባለ መንጠቆ ሚዛን የአንጓው ክንድ ላይ አያይዘህ ሳብ። ጤነኛ አንጓ ጥቂት ኪሎ ተቃውሞ፣ ዳር እስከ ዳር እኩል፣ ይሰጥሃል። ሚዛኑ ሳይነቃነቅ አንጓው ከዞረ፣ ወይም መሐል ላይ ሲደርስ «ጠቅ» ካለ፣ በሽታህን አገኘህ። በአክስሉ ጫፍ ያለውን ትልቁን የብረት ኳስም እይ፤ ግራሶው ቀጥኖ እንደ ሾርባ የሚወርድ ከሆነ የውስጡ ዘይት መከላከያ ተቀዶ የዲፈረንሻሉ ዘይት ግራሶውን አጥቦታል፤ ኩሽኔታዎቹ ደርቀው ነው የሚሠሩት። ከወንዝ ወንዝ ለሚሻገር መኪና ይህ የተለመደ ነው።

የላላው ሁሉ ከጠበቀ በኋላ ነው ካስተሩን የምንመልሰው። ለ5 ሳንቲሜትር ከፍታ ቀዳዳው ከመሐሉ ፈቀቅ ያለ ጎሚኒ በክንዶቹ የፊት ጫፍ ላይ ማስገባት ይበቃል፤ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ይመልሳል። ለ10 ሳንቲሜትር አልመክረውም፤ በአንድ ጎኑ በጣም ስለሚሳሳ በኛ መንገድ ቶሎ ይበላል። ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ ጎሚኒው አቅጣጫ አለው። ተገልብጦ ከገባ የቀረችህን ግማሽ ዲግሪም ይወስድብሃል፤ ገልብጠው የሚያስገቡም አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ ቡሎኖቹ የሚጠበቁት መኪናው በጎማዎቹ ላይ ቆሞ ክብደቱን ከጣለ በኋላ ነው። ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ካጠበቅኸው ጎሚኒው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራልና በጥቂት ወራት ይቀደዳል። አክስሉ ወደ ኋላ ሲጋደል የዲፈረንሻሉ አፍንጫም ትንሽ ዝቅ ስለሚል፣ የፊት ጎማዎቹንም የሚነዳውን ማርሽ አስገብተህ ስትነዳ አዲስ ንዝረት ከመጣ እሱን ንገረኝ።

ከዚህ በኋላ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ አላይመንት ተመለስ። ታንከሩ ሞልቶ፣ ዊንቹ በቦታው፣ ዕቃህ ተጭኖ፣ እንደምትሠራበት ሆኖ። ልጁ 79ን ከዝርዝሩ ካላገኘ ቁጥሮቹን ብቻ ያትምልህ። ካስተርህ ወደ 3 ከተጠጋ፣ የመሪውን ዘንግ በቱቦው አስተካክሎ መሪውን ቀጥ ያድርግልህና ተለያዩ።

ጂንካ ላይ ማሽን ከሌለ የጎማዎቹን መጥበብና መስፋት በሜትር መለካት ትችላለህ። ጎማውን አንሥተህ እያዞርክ በሚስማር በመሐሉ ላይ ቀጭን መስመር ጫር፤ ሁለቱም ጎማ ላይ። መኪናውን አውርደህ ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ግፋው። በጎማው መሐል ቁመት ላይ ከመስመር እስከ መስመር በፊት በኩል ለካ፣ በኋላ በኩል ለካ። የፊቱ ልኬት ከኋላው ከ0 እስከ 3 ሚሊሜትር ካነሰ ደህና ነው። እጅህም ይነግርሃል። መዳፍህን በጎማው ጥርስ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ ስታሳልፍ እንደ መጋዝ ከቆረጠህ፣ ስትመልሰው ግን ካለሰለሰህ፣ ጎማዎቹ ከፊት ከመጠን በላይ ጠበዋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። የ2017 ታኮማዬን ከሞላው በላይ ማንሻ አስገብቼ በ7 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አደረግኩት፤ ቅዳሜና እሑድ ዩታ ውስጥ ወዳለችው ሞአብ እንሄዳለን። አሁን ወደ ቀኝ ይጎትታል፤ መንሸራተት የሚከላከለው መሣሪያ መብራትም በርቷል። አላይመንት ቤቱ «ከዚህ በላይ አይመጣም» ብሎ ሰጠኝ። ካስተር ግራ 2.1፣ ቀኝ 1.0፤ ካምበር ግራ ከዜሮ በታች 0.3፣ ቀኝ ከዜሮ በላይ 0.2።
ሰ.፣ ከአውሮራ

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ መኪና ከላይኛው ወንድማችን መኪና ተቃራኒ ነው። ያንቺ ሁሉም ነገር በቡሎን ይስተካከላል። በታችኛው ክንድ ላይ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሞላላ ማስተካከያ ቡሎኖች አሉ፤ ካምበሩም ካስተሩም በእነሱ ነው። መኪና ካስተሩ ወደሚያንስበት ጎን ይጎትታል፤ ካምበሩ ይበልጥ ወደ ላይ ወዳለበት ጎንም ይጎትታል። ሁለቱም በአንቺ ወረቀት ላይ ቀኝን ይጠቁማሉ። ግራው ወደ 2 የመጣ ከሆነ ቀኙ 1.0 ላይ ምን አስቀረው? እኔ የምጠረጥረው ቡሎኑ ነው። እናንተ አገር በክረምት መንገድ ላይ የሚረጨው ማግኒዚየም ክሎራይድ እነዚህን ቡሎኖች ከውስጥ ቱቦአቸው ጋር በዝገት ያጣብቃቸዋል፤ ሠራተኛው ይሞክራል፣ አይዞርም፣ «አይመጣም» ይላል። የቀኝ ቡሎኖቹን ራስ በቀለም ምልክት አድርገሽ ሂጂና ዞረው እንደሆነ ተመልከቺ። ካልዞሩ ተቆርጠው በአዲስ ይተካሉ፤ ሥራው አድካሚ ነው፣ ዋጋውም ይሰማል፣ ሌላ መንገድ ግን የለውም።

ቡሎኖቹ ጤነኞች ሆነው መጨረሻቸው ላይ ከደረሱ፣ ለከፍታው የተሠሩ የላይኛ ክንዶች ያስፈልጉሻል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በነፃ የሚሆን ፈተና አለ፤ የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ አቀያይሪያቸው። መጎተቱ ወደ ግራ ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው፣ እኔም የጻፍኩትን እተወዋለሁ።

መብራቱ ለብቻው ነው። መኪናው መሪው ስንት ዲግሪ እንደዞረ የሚያውቅበት መለኪያ አለው፤ መሪሽ ቀጥ ሳይል ቀጥ ከሄድሽ «ታጥፋለች ግን አትታጠፍም» ብሎ ይጨነቃል። መሪው በዘንጎቹ ቀጥ ከተደረገ በኋላ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ፣ የመለኪያው ዜሮ ነጥብ እንደገና ይወሰናል። ይህ ሳይደረግ ሂሳብ እንዳትከፍዪ።

ጥያቄ፦ አንድ የመሪ አሞርዛተር መንቀጥቀጡን ካልያዘው፣ ሁለት ባስገባስ?
ከሰመራ

መልስ፦ ይይዘዋል፤ የላላው ቡሎን እስኪወልቅ ድረስ። ጎማህን ባላንስ አሠራ፣ ቸርኬውና አክስሉ መካከል ማስፊያ ብረት ያስገባህ ከሆነ አውጣው፣ ከዚያ ከላይ ለአርባ ምንጩ ወንድምህ የጻፍኩትን የግማሽ ቀን ሥራ ሥራ። ሁለተኛውን አሞርዛተር ገዝተኸው ከሆነ ሳትከፍተው ለሱቁ መልሰው።